በገና፦ የሰውን አንጀት የሚበላ የበግ አንጀት

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ናት። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ የወጣ ሰው የእንጦጦን ባሕር ዛፍ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ሜዳው ወለል ብሎ ይቀበለዋል፤ ብርዱም አብሮ። ሯጮች ለልምምድ የሚመርጡት ይህ ብርዳምና እርጥብ ከፍታ ለበገና ግን ፈተና ነው። የበገና አውታር አንጀት ነውና እርጥበት ሲያገኘው ቅኝቱ ይናጋል። ድምፁን የሚያጎላው ቁርበትም እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል።

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ የበልግ ዝናብ ሲያንጠባጥብ በዋለበት ቀን፣ አመሻሹ ላይ አንድ በገና ደርዳሪ ጎረቤቴ ቤት ገባሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። በገናውን ከከሰል ምድጃው ራቅ አድርገው አቁመው፣ ሙቀቱ ለቁርበቱ በልኩ እንዲደርሰው ይጠብቁ ነበር። ሲበቃው አቀፉትና አውታሮቹን አንድ በአንድ ነካኩ። ዘጠኙ መለሱ። አሥረኛው ድም ብሎ ቀረ።

“ጋሼ፣ ተበላሸ እንዴ?”

“የለም ልጄ፣ አኩርፎ ነው።”

ከአውታሩ ሥር፣ አውታሮቹን በሚደግፈው በርኩማ ላይ፣ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆዳ አለች። እንዚራ ትባላለች። አውታሩ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ በሁለቱ መካከል የምትገባ ናት። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጓት፤ አውታሩን ነኩት፤ ድም። መለስ አደረጓት፤ ነኩት፤ አሁንም ድም። ሦስተኛ ጊዜ የፀጉር ውፍረት ያህል ሳብ ሲያደርጓት አውታሩ እንደ ቀፎ ንብ ማንጎራጎር ጀመረ።

“ይኸው፣ አፉን ፈታ” አሉ።

የበገና ነገር ሁሉ ያለው እዚህች ቁራጭ ቆዳ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። እሷ ባትኖር በገና ትልቅ ክራር ሆኖ ይቀር ነበር። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን ደጋግሞ ይነካካታል፤ ያ አካባቢውን ሁሉ የሚሞላ፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ንዝረት የሚወለደው ከዚያ ንክኪ ነው። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ስቴፋኒ ዌይሰር በገናን ሲያጠኑ አጥብቀው የመረመሩት ይህንኑ ንዝረት ነው። ሌላ ሰው ቢሰማው መሣሪያው የተሰነጠቀ ሊመስለው ይችላል። ለእኛ ጆሮ ግን ንዝረት የሌለው በገና ገና ያልተናገረ በገና ነው። በግዕዝ “እንዚራ” ራሱ የዜማ መሣሪያ ስም መሆኑን ሳስብ፣ ስሙን ለዚህች ጥፍር ለምታህል ቆዳ የሰጡት ሰዎች የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር እላለሁ።

ቀሪው አካሉ እንዲህ ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ከታች ከእንጨት ተፈልፍሎ በከብት ቁርበት የተለበጠ ገበቴ አለው። ከገበቴው ሁለት ምሰሶዎች ይነሣሉ፤ ምሰሶዎቹን ከላይ ቀንበር ያያይዛቸዋል። በቀንበሩ ላይ መቃኛዎቹ ተደርድረዋል፤ ከእነሱ እስከ ገበቴው አሥር አውታር ይወርዳል። አሥሩ አውታር አሥርቱ ትእዛዛት ናቸው፣ ሁለቱ ምሰሶዎች ብሉይና ሐዲስ ናቸው ብለው የሚያስተምሩ መምህራን አሉ፤ ትርጓሜው ግን እንደየመምህሩ ይለያያል። በትውፊት በገና የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ነው፤ ወደ አገራችንም ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር መጣ ይባላል። ዳዊት በመዝሙሩ አሥር አውታር ስላለው በገና መናገሩን ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቃል።

አውታሩ የሚፈተለው ከበግ አንጀት ነው። ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ ይከረራል፣ ተወጥሮ ይደርቃል። አሁን አሁን ናይለን የሚያስሩም አሉ፤ ናይለን እንደ አንጀት እርጥበት አይፈራም፣ ቶሎም አይበጠስም። እኔ ግን ከአንጀቱ ጋር ነኝ። ለሚያሳዝንና ውስጥን ለሚነካ ነገር አማርኛችን “አንጀት ይበላል” ይላል፤ በበገና ፊት የተቀመጠ ሰው ይህ አባባል ከየት እንደመጣ የገባው ይመስለዋል። የበግ አንጀት ነው የሰውን አንጀት የሚበላው።

ደርዳሪው ይቀመጣል። ቆሞ የሚደረደር በገና አላየሁም። መሣሪያውን ወደ ግራ ጎኑ አስጠግቶ አውታሩን በግራ እጁ ጣቶች ይነካል፤ ይህ ድርደራ ይባላል። ድሕንጻ በምትባለው መምቻ ሲመታ ደግሞ ግርፍ ነው። አሥሩም አውታር ሁልጊዜ አይነካም። ስመ ጥሩው በገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ ለምሳሌ በጣት ሲደረድሩ ድምፅ የሚያወጡት በስድስቱ ነው፤ የቀሩት አራቱ፣ ጣት ጎረቤታቸውን ነክቶ ሲመለስ የሚያርፍባቸው ናቸው። ለጣት ማረፊያም የሚሆን አውታር ያለው መሣሪያ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ዓለሙ አጋን ካነሣሁ አይቀር፣ የሱሉልታ ሰው ጎረቤታቸው ነው። የተወለዱት እዚያው ተራራው ላይ፣ እንጦጦ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ የበገና መምህር ወደ ሰፈራቸው መጡ፤ ልጁም ከእሳቸው ተማረ። በ1972 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ኪምበርሊን ድምፃቸውን ቀረጹ፤ ቅጂውም በዩኔስኮ ስብስብ ውስጥ ወጣ። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም በገና አስተማሩ። ቆይቶም ኢትዮጲክስ በሚባለው ተከታታይ የሙዚቃ ኅትመት 11ኛው ቅጽ የእሳቸው በገና ሆነ። በመሐል ግን ደርግ አለ። በዚያ ዘመን መንፈሳዊ ነገር ከአየር ሲወርድ በገናም አብሮ ወረደ፤ ማስተማሩም ተዳከመ። መሣሪያው ያለፈው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው። ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በማሠልጠኛዎች ወንዱም ሴቱም ተሰልፎ ሲማረው ሳይ፣ ያን የግድግዳ ዘመን የማያውቁ ልጆች መሆናቸው ደስ ይለኛል። ሶስና ገብረ ኢየሱስን የመሰሉ ሴት ደርዳሪዎች ድምፅ ባሕር ተሻግሮ በሸክላ ታትሟል።

በገና የቅዳሴ መሣሪያ አይደለም። ማሕሌቱ የከበሮ፣ የጸናጽልና የመቋሚያ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ከበሮና ጸናጽል ለ55 ቀን ይቀመጣሉ፤ ሊቃውንቱም በመቋሚያ ብቻ ይዘምማሉ። ያን ጊዜ የበገና ወራት ይሆናል። ሬዲዮኑ ሳይቀር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ልጅ ሆኜ ጾም መግባቱን የማውቀው ከሽሮው ሽታ በፊት ከሬዲዮኑ በሚወጣው በዚያ ንዝረት ነበር። እናቴ ምጣዱ ላይ ሆና ታዳምጠዋለች፤ አንዳንዴ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ከዚያ ግን ቀኑን ሙሉ ፊቷ ይበራ ነበር። ይህን ነገር ለረጅም ጊዜ አልተረዳሁትም።

የበገና ግጥም ስለ ምን ይናገራል? በአብዛኛው ስለ ሞት። ስለ መቃብር ጥበት፣ ስለሚቀር ሀብት፣ ስለ ጎልጎታ፣ ስለ እመቤታችን ኀዘን፣ ስለ አዳም ስደት። ደርዳሪው አይጮህም፤ ለአንድ ሰው ጆሮ እንደሚናገር ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንጎራጉራል። ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ለራሱ ነፍስ ነው። ስንኙ ሁለት ሁለት እየሆነ ይመጣል፤ ቤት ይመታል፤ ሰምና ወርቅ ያለበትም አይጠፋም። በስንኝና በስንኝ መካከል አውታሩ ብቻውን ይሄዳል፣ ያንኑ መንገድ እየደጋገመ። አድማጩ አያጨበጭብም፣ እስክስታ አይወርድም። አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሐሳቡ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ የቤት ኪራይ፣ የነገ መንገድ። ቆይቶ ንዝረቱ ሐሳቡን ይከድነዋል። ተመስጦ የሚሉት ይህ ነው። ሞቱን የሰማ ሰው ቀለል ብሎት ይነሣል፤ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ተሸክሞት የዋለው ሞት አልነበረም፣ እኔነቱ ነበር።

ይህን የተረዳሁት፣ ነገሩ ሩቅ ይመስላል እንጂ፣ ስለ ሲኮች፣ ስለ ሲክ ሃይማኖት ተከታዮች፣ ሳነብ ነው። ከፑንጃብ የመጡትን ባለጥምጥም ሰዎች አገራችን ጨርሶ አታውቃቸውም ማለት አይቻልም። ስለ ግጥማቸው ግን እምብዛም አልተነገረንም።

የሃይማኖቱ መሥራች ጉሩ ናናክ (ከ1469 እስከ 1539 እ.ኤ.አ.) ሲጓዙ ማርዳና የሚባል ሙስሊም ወዳጃቸው አብሯቸው ነበር፤ ረባብ የተባለ ባለአውታር መሣሪያ ይመታል። በትውፊታቸው ቃሉ ወደ ጉሩ ሲመጣ፣ ማርዳና አውታሩን እንዲነካ ይነገረዋል፤ ያኔ ትምህርቱ ዜማ ሆኖ ይወጣል። አምስተኛው ጉሩ አርጃን በ1604 ይህን ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ሰበሰቡት። ዛሬ ጉሩ ግራንት ሳሂብ ይባላል፤ 1430 ገጽ ነው። አብዛኛው ክፍል የተደራጀው በሚዜምበት ቅኝት፣ በራግ ነው። በውስጡ የካቢርና የሼክ ፋሪድ ግጥሞች አሉ፤ ከሲክ ውጭ ያሉ ቅኔ አዋቂዎች ማለት ነው። በ1708 አሥረኛው ጉሩ ከእሳቸው በኋላ ሰው እንደማይተካቸው፣ መጽሐፉ ራሱ መምህር እንደሚሆን ወሰኑ። ስለዚህ ሲክ መምህሩን የሚያገኘው ሲዘመር በመስማት ነው።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አናንድ ሳሂብ የሚባል ባለ40 አንጓ መዝሙር አለ። “አናንድ” ሐሴት ማለት ነው። የደረሱት ሦስተኛው ጉሩ አማር ዳስ ናቸው፤ ለጉሩነት የበቁት በ73 ዓመታቸው ገደማ ነበር። ሲኮች እንደሚያስተምሩት ሰውን ከሐሴት የሚጋርደው “ሃውሜ” ነው፣ እኔነት። መጋረጃው የሚሳሳው የፈጣሪን ስም በማሰብና ቃሉን በመስማት ነው። ከዚህ ሁሉ ልቤን የነካው ግን አንድ ልማዳቸው ነው፦ የአናንድን አንጓዎች በሠርግም ይዘምሯቸዋል፣ በለቅሶም። ሙሽራ በተቀመጠበት የሰማኸውን የሐሴት መዝሙር ሬሳ ስትሸኝም ትሰማዋለህ። እነሱ በሞት ፊት ሐሴትን ይዘምራሉ፤ የእኛ ደርዳሪ ሐሴትን ፍለጋ ሞትን ያንጎራጉራል። ሃይማኖቱ ሌላ፣ ዶግማው ሌላ ነው፤ ላደባልቃቸው አልፈልግም። የእናቴን ፊት ግን ያበራላት ምን እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

ይህን ለጋሼ ነገርኳቸው። የሩቅ አገር ሰዎች በለቅሶ ላይ ስለ ሐሴት ይዘምራሉ አልኳቸው። ከሰሉን በጉጠት እየገለባበጡ ትንሽ ዝም አሉ።

“መሣሪያቸው አንጀት ነው?”

“የድሮው ረባብ አንጀት ነበረው ይባላል፣ ጋሼ።”

“እንግዲያው ያውቁታል” አሉና በገናውን መልሰው አቀፉት።

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እንደገና ጀመረ። በጎጃም መንገድ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚሄድ ወይም ከዚያ የሚመለስ መኪና ድምፅ ከሩቅ አለፈ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ከታችኛው አውታር ጀመሩ፤ አሥረኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ትንሽ አዘገዩት። ያኮረፈው አውታር መለሰ። ንዝረቱ ከቁርበቱ ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶው ወደ ጋሼ ደረት፣ ከዚያም እኔ ወደተቀመጥኩበት አግዳሚ ሲያልፍ በእጄ ተሰማኝ።