እንግዶች ራሳቸው የሚያበስሉባቸው የክሩገር ፓርክ ማረፊያዎች

በደቡብ አፍሪካ ክሩገር ብሔራዊ ፓርክና በዙሪያው፣ ጎብኚው የመኝታ ቤትና የማብሰያ ቦታ ተከራይቶ ስንቁን ራሱ የሚያዘጋጅባቸው ማረፊያዎች አሉ። በእነዚህ ማረፊያዎች ምግብ የሚያቀርብ አስተናጋጅ የለም፤ ገበያው፣ እሳቱ፣ የምግቡ አያያዝና ቆሻሻው የእንግዳው ኃላፊነት ነው። በአካባቢው የዱር እንስሳት ስለሚኖሩ፣ ምግብ በአግባቡ መያዙ ለሰውም ለእንስሳቱም ደኅንነት ወሳኝ ነው።

ታሪክ

ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ በደቡብ አፍሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከሞዛምቢክና ከዚምባብዌ ጋር በሚዋሰን ቆላማ ምድር ላይ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 19,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1898 የተከለለው የሳቢ የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ ሲሆን፣ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ1926 ነው። በ1927 የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች በሦስት መኪናዎች ገቡ። ከዚያ በኋላ ሮንዳቬል የሚባሉ ክብ የሣር ክዳን ጎጆዎች መሠራት ጀመሩ። ከኢትዮጵያ ጎጆ ቤት ጋር የሚመሳሰለው ይህ አሠራር ዛሬም የፓርኩ መለያ ነው።

የፓርኩ ታሪክ የመፈናቀል ታሪክም አለበት። ትልቁ ካምፕ ስኩኩዛ ስሙን ያገኘው የጾንጋ ተናጋሪዎች ለመጀመሪያው የፓርኩ ኃላፊ ጄምስ ስቲቨንሰን-ሃሚልተን ካወጡለት ቅጽል ስም ነው፤ ትርጉሙ «ጠርጎ የሚያወጣ» እንደ ማለት ሲሆን፣ ነዋሪዎችን ከጥብቅ ቦታው ማስነሣቱን ያስታውሳል። በ1969 ከፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል የተፈናቀሉት የማኩሌኬ ሰዎች መሬታቸው በ1998 በስምምነት ተመልሶላቸዋል። መሬቱ ግን ለጥበቃና ለቱሪዝም እንዲውል ተወስኗል።

የማረፊያ ዓይነቶች

ፓርኩን የሚያስተዳድረው የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ድርጅት (ሳንፓርክስ) ነው። እንደ ስኩኩዛ፣ ሎወር ሳቢ፣ ሳታራና ሌታባ ያሉ ዋና ካምፖች በአጥር የተከበቡ ሲሆን ሱቅ፣ ምግብ ቤትና ነዳጅ ማደያ አላቸው። ቢያሚቲ፣ ታላማቲ፣ ሺሙዊኒ፣ ባቴለርና ሲርሄኒ የተባሉት አምስቱ አነስተኛ ካምፖች ግን ሱቅም ምግብ ቤትም የላቸውም፤ የሚገባባቸውም ቦታ ይዞ የሚያድር እንግዳ ብቻ ነው። በባሉሌ ካምፕ ጎጆዎቹ መብራት ስለሌላቸው እንግዶች በፋኖስ ያመሻሉ።

ከፓርኩ ውጭ፣ በአዞ ወንዝ (ክሮኮዳይል ሪቨር) ደቡባዊ ዳርቻ የምትገኘው ማርሎዝ ፓርክ የእረፍት ቤቶች መንደር ናት። በቤቶቹ መካከል አጥር ስለሌለ አጋዘን፣ የሜዳ አህያ፣ ቀጭኔና ከርከሮ በግቢው መሐል ያልፋሉ።

ስንቅና የጉዞ ሰዓት

ብዙ ጎብኚዎች ወደ ፓርኩ ከመግባታቸው በፊት በአቅራቢያ ከተሞች ይገበያሉ፤ የካምፕ ሱቆች መሠረታዊ ነገር ቢኖራቸውም ምርጫቸው የተወሰነ ነው። የተረሳ ነገር ለመግዛት ወደ ሌላ ካምፕ መሄድም ጊዜ ይፈጃል። የፍጥነት ወሰኑ በአስፋልት በሰዓት 50፣ በጠጠር መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ከክሮኮዳይል ብሪጅ በር እስከ ሎወር ሳቢ ያለው ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ፣ እንስሳት ሳያስቆሙ እንኳ 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

በፓርኩ ውስጥ በሌሊት በግል መኪና መንዳት ክልክል ነው። የካምፕ በሮች በሞቃታማው ወቅት (ከኅዳር እስከ ጥር) ከምሽቱ 12:30፣ በቀዝቃዛውና በደረቁ ወቅት (ከግንቦት እስከ ሐምሌ) 11:30 ላይ ይዘጋሉ። አርፍዶ የደረሰ ሰው ቅጣት ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ እራት የሚበላው ካምፕ ውስጥ ነው።

የተለመደው እራት ብራይ የሚባለው የከሰል ወይም የእንጨት ጥብስ ነው፤ ቡረቮርስ የተባለ ቅመም ያለው ቋሊማና ፓፕ የሚባል የበቆሎ ገንፎ አብረው ይቀርባሉ። የደረቀ እንጨት ለብዙ ነፍሳትና ትናንሽ እንስሳት መጠለያ በመሆኑ ከፓርኩ መልቀም አይፈቀድም፤ ማገዶ ከሱቅ ይገዛል።

ምግብና የዱር እንስሳት

ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች ምግብ የት እንደሚገኝ ፈጥነው ይማራሉ። በብዙ ጎጆዎች ማቀዝቀዣው በረንዳ ላይ ስለሆነ መቀርቀሪያ ተሠርቶለታል፤ መስኮትም ሳይዘጋ አይወጣም። በምሽት ጅቦች የጥብሱን ሽታ ተከትለው በካምፕ አጥር ሥር ይመላለሳሉ። አጥንት መወርወር ለእንግዳው ጨዋታ ቢመስልም በደንብ የተከለከለ ነው።

የክልከላው ምክንያት ቀላል ነው። ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ ሰውን መፍራት ይተዋል፤ ምግብ ሲከለከልም ይቆጣል፣ ይነክሳል። እንዲህ ያለውን እንስሳ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድ ብዙ ጊዜ ችግሩን አይፈታም፤ የለመደውን ይዞ ይሄዳልና። በመጨረሻ የፓርኩ ሠራተኞች ሊገድሉት ይገደዳሉ። ምግቡን የሰጠው ጎብኚ በዚያን ጊዜ ወደ አገሩ ተመልሷል።

ጤና

አካባቢው የወባ ቀጠና ነው፤ አደጋው ከመስከረም እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ከፍ ይላል። መከላከያ መድኃኒት ስለ መውሰድ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር፣ በምሽት ረጅም እጅጌ ልብስ መልበስና የትንኝ መከላከያ መቀባት ይመከራል። እሳት ዳር ሲመሽ እባብና ጊንጥ እንዳይረገጥ ጫማና የእጅ ባትሪ ያስፈልጋል።

ከፓርኩ ሲወጣም የተረፈው ስንቅ ይፈተሻል። የክሩገር ጎሾች ሳይታመሙ የአፍና እግር በሽታን (አፍተግር) ቫይረስ ሊሸከሙ ስለሚችሉ፣ በሽታው ወደ ከብት አርቢዎች መንደር እንዳይደርስ ጥሬ ሥጋ ይዞ መውጣት ላይ ገደብ አለ። በመንገድ ላይ ያሉ የእንስሳት ጤና ኬላዎችም መኪና ያስቆማሉ።

ጠቀሜታ

ራስ አብስሎ ማረፍ ምግብና አስጎብኚ አጠቃልለው ከሚያቀርቡ የግል ሎጆች እጅግ ይረክሳል። በዚህም የተነሣ የአገሬው ቤተሰቦች ፓርኩን የሚጎበኙበት ዋነኛ መንገድ ሆኗል። ሳንፓርክስ ከገቢው አብዛኛውን የሚያገኘው ከቱሪዝም በመሆኑ፣ ለጎጆ የሚከፈለው ኪራይ የጥበቃ ሠራተኞችን ደመወዝና የአጥር ጥገናን ጨምሮ ለፓርኩ ሥራ ይውላል።