አንድ ተኩል እጥፍ ያደገች መንኮራኩር

ከትናንሽ የፕላስቲክ ጡቦች የሚገጣጠሙ መጫወቻዎች ሲመዘኑ በቅድሚያ ዓይን ውስጥ የሚገባው በሳጥኑ ላይ የታተመው የቁርጥራጮች ብዛት ሲሆን፣ ገዢም ሆነ ገምጋሚ ዋጋውን ለዚሁ ቁጥር አካፍሎ አንዱ ቁራጭ በስንት ሳንቲም እንደደረሰ ካሰላ በኋላ ዕቃው ውድ ነው ወይም ርካሽ ነው ብሎ ይፈርዳል። ስሌቱ ቀላል በመሆኑ ይወደዳል እንጂ ስለ መጫወቻው ጥራት የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው፤ አንዲት ጉብታ ብቻ ያላት ስስ ቁራጭ ከሩብ ግራም በታች ስትመዝን ስምንት ጉብታ ያለው የተለመደው ጡብ ከሁለት ግራም በላይ ይመዝናል፣ በቆጠራው ግን ሁለቱም እኩል "አንድ" ተብለው ይያዛሉ። ስለዚህ አንድ አምራች ትላልቆቹን ቀንሶ ጥቃቅኖቹን በማብዛት ብቻ ቁጥሩን እንደ ልቡ ሊያሳድገው ይችላል። መጫወቻውን በእርግጥ የሚለየው ቁርጥራጮቹ እንዴት እንደተያያዙ፣ ክብደቱን በየት በኩል እንደሚያስተላልፉና ከምን ቁስ እንደተሠሩ ነው፤ እነዚህ ደግሞ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ጥያቄዎች ናቸው።

ለዚህ ዓይነቱ ምዘና ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የዴንማርኩ ሌጎ ኩባንያ በ2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ለገበያ ያቀረበው "ጋላክሲ ኤክስፕሎረር" የተባለው የጠፈር መንኮራኩር ነው። ኩባንያው በ1932 ቢሉንድ በተባለች ከተማ በአናጢው ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የተመሠረተ ሲሆን፣ መንኮራኩሯ የወጣችው 90ኛ ዓመቱ ሲከበር ነበር፤ 1,254 ቁርጥራጮች ያሏት ሲሆን በአሜሪካ የተሸጠችው በ99.99 ዶላር ነው። የእርሷ ቀደምት በ1979 የወጣችውና ያንኑ ስም የያዘችው መንኮራኩር ስትሆን፣ የዚያች ሳጥን የያዘው 338 ቁርጥራጮች ብቻ ነበር። የሌጎ የጠፈር ተከታታይ የተጀመረው በ1978፣ ማለትም እጅና እግሩ የሚንቀሳቀሰው ትንሹ የፕላስቲክ ሰው በተዋወቀበት ዓመት ሲሆን፣ ሁለቱንም በመንደፍ ስሙ የሚነሳው የንስ ኒጎር ክኑድሰን ነው። ሰማያዊና ግራጫ አካል፣ ቢጫ ብርሃን አሳላፊ መስኮት፣ ቀይና ነጭ የለበሱ ጠፈርተኞች የዚያ ዘመን መለያዎች ነበሩ። በወቅቱ ሲኒማ ቤቶችን ያጥለቀለቁት የጠፈር ታሪኮች በጦርነት የተሞሉ ሆነው ሳለ ይህ ተከታታይ መሣሪያም ጠላትም ያልነበረው የአሰሳ ዓለም መሆኑ ለሳይንስ ልብወለድ ወዳጆች እስከ ዛሬ የሚታወስ ልዩ ጠባዩ ነው።

አዲሲቷ መንኮራኩር የቀድሞዋ ቅጂ ሳትሆን በየአቅጣጫው አንድ ተኩል እጥፍ የተሳበች ናት፤ ርዝመቷም 52 ሴንቲሜትር ያህል ደርሷል። የመጠኑ ምርጫ ምክንያት አለው፤ በ1979 መንኮራኩሯን የያዘው የልጅ እጅ ዛሬ የጎልማሳ እጅ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ የተሰማውን ግዝፈት ዳግም እንዲሰማው ዕቃው ከእጁ ጋር አብሮ ማደግ ነበረበት። ይሁን እንጂ ማደግ ራሱን የቻለ ዕዳ ያመጣል። አንድ አካል ቅርጹን ሳይለውጥ ርዝመቱ በ1.5 ቢባዛ የገጹ ስፋት በ1.5 ካሬ፣ ማለትም በ2.25 ይባዛል፤ ይዘቱ ደግሞ በ1.5 ኪዩብ፣ ማለትም በ3.375 ያድጋል። መንኮራኩሯ ባዶ ቅርፊት ብትሆንና የሚያድገው ገጿ ብቻ ቢሆን ኖሮ 338ቱ ቁርጥራጮች ወደ 760 በሆኑ ነበር፤ ውስጧ ሙሉ ሆና እንደ ይዘቷ ብታድግ ደግሞ ወደ 1,140 ይጠጉ ነበር። እውነተኛው ቁጥር ከሁለቱም አልፎ የቀድሞውን 3.7 እጥፍ ሆኗል። እንዲያውም የ1979ኙ ሳጥን ከመንኮራኩሯ ሌላ የጨረቃ ምድር መደብና ትንሽ የመቆጣጠሪያ ጣቢያ ይዞ ስለነበረ፣ የሁለቱ መንኮራኩሮች ብቻ ቢነጻጸሩ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። የቁርጥራጮች መጠን አንድ ዓይነት ስላልሆነ ስሌቱ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፤ ቢሆንም ትርፉ ቁጥር የት እንደገባ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ይሰጣል። ከፊሉ የገባው በዝርዝር ማስዋቢያ፣ በሚታጠፉት የማረፊያ እግሮችና በውስጥ ክፍሉ ዕቃዎች ነው። ቀሪውና ለምዘና ዋናው ከውጭ የማይታየው አጥንት ነው።

አጥንት ያስፈለገበትን ምክንያት በ1638 በታተመው የሁለት አዳዲስ ሳይንሶች መጽሐፉ ጋሊሌዮ ጋሊሌይ አስቀድሞ ገልጾታል። የአንድ አካል ክብደት ከይዘቱ ጋር ሲያድግ፣ ክብደቱን የሚሸከመው ክፍል ጥንካሬ ግን የሚያድገው ያ ክፍል ለሁለት ቢቆረጥ ከሚታየው ገጽ ስፋት ጋር ብቻ ነው። ክብደቱ 3.375 እጥፍ፣ ተሸካሚው ገጽ 2.25 እጥፍ ሲሆን በእያንዳንዷ የገጽ ቅንጣት ላይ የሚያርፈው ጫና አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። የዝሆን እግር እንደ ፍየል እግር ሊቀጥን የማይችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በመንኮራኩሯ ይህ በተለይ የሚታየው ወደ ጎን በተዘረጉት ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፎች ላይ ነው፤ ክንፍ በአንድ ጫፉ ብቻ ተይዞ በሌላው ጫፉ አየር ላይ የሚንጠለጠል በመሆኑ ክብደቱ ሁሉ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ የማጠፍ ኃይል ይፈጥራል። መሐንዲሶች እንደሚያውቁት የአንድ አግዳሚ አካል ግትርነት፣ ማለትም መታጠፍን የመቋቋም ችሎታው፣ ከውፍረቱ ኪዩብ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ሁለት ስስ ጡቦች መገጣጠሚያቸው እንዳይገጥም ተደርገው በደንብ ተጣብቀው ቢነባበሩ ግትርነታቸው ወደ ስምንት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በሌጎ የሚነባበሩት ቁርጥራጮች በሙጫ ስለማይያያዙ እስከዚህ መድረሳቸው ያጠራጥራል፤ ነገር ግን የላይኛው ንጣፍ የታችኛውን ስፌት እየሸፈነ ሲሄድ ክንፉ እንደ አንድ ሰሌዳ መሥራት ይጀምራል። ማንኛውም ገዢ ይህን ያለ መሣሪያ ሊፈትን ይችላል፤ የተጠናቀቀችውን መንኮራኩር በአንድ እጅ ከወገቧ ይዞ ወደ ጎን ሲያዘነብላት ክንፉ ቢወዛወዝ ወይም ስፌቱ ቢከፈት ንድፉ ተሳስቷል ማለት ነው።

መያያዣው ራሱ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ዛሬ የሚታወቀው ጡብ የባለቤትነት መብት የተጠየቀበት ጥር 28 ቀን 1958 ሲሆን፣ የመሥራቹ ልጅ ጎትፍሬድ ኪርክ ክርስቲያንሰን ያስመዘገበው አዲስ ነገር በጡቡ ሆድ ውስጥ ያሉትን ቱቦዎች ነበር። የጉብታዎቹ ማዕከሎች በ8 ሚሊሜትር ይራራቃሉ፣ የእያንዳንዱ ጉብታ ስፋት ደግሞ 4.8 ሚሊሜትር ነው፤ በአራት ጉብታዎች መካከል በሰያፍ የሚቀረው ክፍተት በፒታጎራስ ሕግ ሲሰላ 6.51 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ቱቦውም በዚሁ ልክ ተሠርቶ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይነካቸዋል። ሁለት ጡቦች ሲጫኑ ፕላስቲኩ ለዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጥና ወደ ቦታው ለመመለስ ሲታገል ጉብታውን ይጨብጠዋል፤ በዚህ ጭበጣ ምክንያት የሚፈጠረው ሰበቃ፣ ማለትም በሚነካኩ ገጾች መካከል እንቅስቃሴን የሚቃወመው ኃይል፣ ጡቦቹን ያጣብቃል። ጭበጣው ከጠበቀ ልጅ ማላቀቅ ያቅተዋል፤ ከላላ ክንፉ ይወድቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት የሚሊሜትር መቶኛ በመሆኑ፣ የፕላስቲኩን ቅርጽ የሚያወጡት የብረት ቅርጾች እጅግ በጠበበ ልክ ይሠራሉ፤ የውድ ጡብና የርካሽ ማስመሰያ ልዩነት በአብዛኛው ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ስለ ጡብ ጥንካሬ ሲነሳ ብዙዎች የሚጠቅሱት በ2012 በብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የተደረገውን ሙከራ ነው፤ አራት ጉብታ ያለው ጡብ በአማካይ 4,240 ኒውተን፣ ማለትም ከ430 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ተሸክሞ ነው የተሸነፈው። በዚህ ሒሳብ 375,000 ጡቦች፣ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ቢደረደሩ የታችኛው ገና መድቀቅ ይጀምራል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ለመንኮራኩር ምዘና ግን ፋይዳው ትንሽ ነው። መጫወቻ ተጨፍልቆ ሲሰበር እምብዛም አይታይም፤ የሚፈርሰው ወደ ላይ ሲሳብ፣ ሲጠመዘዝ ወይም ከጠረጴዛ ሲወድቅ ነው፣ እነዚህ ደግሞ የሚፈትኑት የጡቡን ሥጋ ሳይሆን መጋጠሚያውን ነው።

ቁሱን በተመለከተ፣ እስከ 1963 ድረስ ጡቦቹ ይሠሩበት የነበረው ሴሉሎስ አሲቴት ከጊዜ ብዛት እየተጣመመና ቀለሙ እየደበዘዘ ስላስቸገረ በኤ.ቢ.ኤስ. ተተካ። ኤ.ቢ.ኤስ. ከሦስት ንጥረ ነገሮች፣ ማለትም ከአክሪሎናይትራይል፣ ከቡታዳይንና ከስታይሪን የሚገኝ ፖሊመር ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጥንካሬን፣ የመጨረሻው ግትርነትና ልስላሴን ይሰጣል፤ መካከለኛው እንደ ጎማ ስለሚለጠጥ ግጭትን ይውጣል። ይኸው ጎማማ ክፍል ድካሙም ያለበት ነው፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘው ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ወደ ቢጫነት ይለወጣል፣ ለውጡም በነጭና በግራጫ ጡቦች ላይ ጎልቶ ይታያል። የ1979ኟ መንኮራኩር ግራጫ አካል በብዙ ቤቶች ዛሬ የገለባ መልክ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው። የአዲሲቷ ግራጫ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው፤ ኩባንያው በ2004 አካባቢ ግራጫውን ስለለወጠ ሲሆን፣ ነባር ሰብሳቢዎች ለውጡን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም። መንኮራኩሯ መስኮት አጠገብ ከተቀመጠች ይህኛውም ግራጫ ከቢጫነት አይድንም።

ከሁሉ በላይ ትምህርት ሰጪው ግን የጠፈርተኛው የራስ ቁር ነው። የቀድሞው ቁር አገጭ ሥር የምታልፍ ስስ ማያያዣ ነበረችው፤ ቁሩ ጭንቅላት ላይ ሲጠልቅ ጎንና ጎኑ ስለሚከፈት የመለጠጡ ኃይል ሁሉ በዚህች ስስ ክፍል ላይ ይከማቻል። ቁስ አካል ድንገት በሚቀጥንበት ቦታ ጫና መከማቸቱ የታወቀ ሕግ ሲሆን፣ ቁሩ በተደጋጋሚ ሲጠልቅና ሲወልቅ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ይጀምርና ቀስ በቀስ እየሰፋ ማያያዣውን ይበጥሰዋል። በአውሮፕላን ክንፍና በባቡር ሐዲድ ላይ የሚፈራውና መሐንዲሶች የብረት ድካም የሚሉት ክስተት የዚህ ዘመድ ነው። ስብራቱ እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሳ በ2014 በወጣው የሌጎ ፊልም ላይ ቤኒ የተባለው ሰማያዊ ጠፈርተኛ ሆን ተብሎ አገጩ ላይ የተሰነጠቀ ቁር ደፍቶ ቀርቧል። በአዲሱ ቁር ላይ ማያያዣዋ ወፍራለች፤ በቁርጥራጮች ቆጠራ ግን ይህ ማሻሻያ አንዲት ነጥብ እንኳ አያስገኝም።

መንኮራኩሯ በሳይንሳዊ እውነትነቷ ብትመዘን ውጤቷ መካከለኛ ነው። አየር በሌለበት ጠፈር ክንፍ የሚያነሳው ነገር የለም፤ በጨረቃ ላይ ያረፈችው የአፖሎ መንኮራኩር እንደ ሸረሪት እግሯን ዘርግታ ያለ ምንም ክንፍ የተሠራችው ስለዚህ ነው። ክንፍ የሚያስፈልገው ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ እንደ አውሮፕላን ለሚያርፍ ተሽከርካሪ ሲሆን፣ አሜሪካ በዚያው ዘመን ትሠራው የነበረውና በ1981 ወደ ጠፈር የወጣው ስፔስ ሸትል ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ለመጫወቻ ግን ክንፉ ሌላ አገልግሎት አለው፤ በእጅ ተይዛ በክፍሉ ውስጥ ስትዞር የበረራ መልክ የሚሰጣት እርሱ ነው። እዚህ ላይ ከእውነተኛነት ይልቅ የስበት ማዕከሏ፣ ማለትም ክብደቷ ሁሉ እንደተሰበሰበ የሚቆጠርበት ነጥብ፣ መዳፍ በሚይዛት ቦታ አካባቢ መዋሉ ይበልጣል።

የመጨረሻው ጥያቄ ቁርጥራጮቹ ከታሰበላቸው ሞዴል ውጭ ምን ያህል ያገለግላሉ የሚለው ነው። በ2005 አካባቢ የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ ሶረን አይለርስ ባለ ስምንት ጉብታና አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ስድስት ጡቦች በ915,103,765 መንገድ ሊገጣጠሙ እንደሚችሉ በኮምፒዩተር አስልቷል፤ ቀደም ሲል ይነገር የነበረው ቁጥር 102,981,500 ሲሆን፣ ይህ የሚቆጥረው ስድስት ንጣፍ ከፍታ ያላቸውን ብቻ ነበር። ይህ ብዛት የሚገኘው ግን ከተራ ጡቦች ነው፤ ለአንድ መስኮት ብቻ የተቀረጸ ቁራጭ በሌላ ሥራ ላይ እምብዛም አይውልም። ጋላክሲ ኤክስፕሎረር በአብዛኛው ተራ ቁርጥራጮችን የያዘች በመሆኗ በዚህ ረገድ ጥሩ ነጥብ ይገባታል፤ የተከታታዩ ሁለት ታናናሽ መንኮራኩሮች የሆኑት ቁጥር 918 እና ቁጥር 924 በተመሳሳይ መጠን ከእርሷው ጡቦች እንዲሠሩ መመሪያ ተሰናድቶላታል። ነገር ግን ታናናሾቹ የሚሠሩት እርሷ ስትፈርስ ስለሆነ፣ ከእርሷ ጎን አንደኛዋን እንኳ አቁሞ ማየት የሚሻ ገዢ ሌላ ሳጥን መግዛት ይኖርበታል።