የጣሪያ ዝናብ ውሃ፦ ታንከር ከመገዛቱ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

በክረምት ወራት በበርካታ ከተሞቻችን የቧንቧ ውሃ ፈረቃ የሚጠብቅ ቤተሰብ ጀሪካን ደርድሮ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ ከራሱ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ግቢውን አጥለቅልቆ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ይገባል። ይህን ውሃ ለማስቀረት ያሰቡ ዜጎች አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ሊትር የሚይዝ ታንከር ልግዛ?» የሚል ነው። ከዚህ በፊት ግን መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ውሃው የሚፈለገው ለምን አገልግሎት ነው የሚለው ነው። የታንከሩ መጠን፣ መወሰድ ያለበት የንጽሕና ጥንቃቄና አጠቃላይ ወጪው የሚወሰኑት በዚህ መልስ ነው።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ የሚገኘው ውሃ አንድ ሊትር ነው። የጣሪያው ስፋት የሚለካው በቆርቆሮው ተዳፋት ሳይሆን ጣሪያው ከላይ ሲታይ በሚሸፍነው የመሬት ስፋት ነው። በትነትና ከአሸንዳ ውጭ በመፈናጠር የሚባክነውን በማሰብ፣ ቆርቆሮ ላይ ከሚያርፈው ውሃ 80 በመቶውን ብቻ መቁጠር ይመከራል። አዲስ አበባ በመደበኛ ዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስለምታገኝ፣ 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት በዓመት 48,000 ሊትር ያህል ሊሰበስብ ይችላል ማለት ነው።

ይህ አኃዝ ግን ብቻውን ሲታይ ያሳስታል። የዝናቡ አብዛኛው ክፍል የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ለልብስ አጠባ፣ ለወለል ጽዳትና ለመጸዳጃ ቤት በቀን 100 ሊትር የሚጠቀም ቤተሰብ ክረምቱን በሙሉ በ2,000 ሊትር ታንከር ሊያልፍ ይችላል፤ በነሐሴ 200 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ እንኳ ከዚያው ጣሪያ 9,600 ሊትር ስለሚገኝ ታንከሩ ደጋግሞ ይሞላል። ይኸው ቤተሰብ 5,000 ሊትር የሚይዝ ቢገዛ ዝናቡ ካቆመ በኋላ የሚያገኘው ጥቅም የ50 ቀን ብቻ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ በዝናብ ውሃ ብቻ ለመሸፈን 24,000 ሊትር ማከማቸት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ወጪው ለአብዛኛው የከተማ ቤተሰብ የሚያዋጣ አይሆንም። ስለዚህ የቧንቧ መስመር በገባበት ከተማ አነስተኛ ታንከር የተሻለ ምርጫ ነው። በበጋም ታንከሩ ታጥቦ የፈረቃ ውሃ ማጠራቀሚያ ሊሆን ይችላል።

ውሃው ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ብቻ ሲታሰብ ስሌቱ ፈጽሞ ይለወጣል። በዚህ ረገድ ትልቁ ጥቅም የሚገኘው በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ነው። በባቱ፣ በወንጂ፣ በመተሐራና በመሳሰሉት ቦታዎች የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራ ዐለቶች የሚቀላቀል ፍሎራይድ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በአካባቢው የሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ይበልጣሉ። ውጤቱ በነዋሪዎች ጥርስ ላይ በሚታየው ቡናማ ቀለም ይታወቃል፤ ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትን ይጎዳል። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ እንዲያውም ከውሃው ከፊሉ ስለሚተን መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። የዝናብ ውሃ በአንጻሩ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ቋሚ ጥርሳቸው በመሠራት ላይ ያለ፣ በተለይም ዕድሜያቸው ከስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ለዚህ አገልግሎት የሚያስፈልገው መጠን ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ለመጠጥና ለማብሰያ ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር ቢመድብ የቀን ፍጆታው 25 ሊትር ይሆናል። ጠብታ ዝናብ ሳይወርድ ስምንት ወር ቢቆይ እንኳ የሚያስፈልገው 6,000 ሊትር ነው። በዓመት 700 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በሚያገኝ ቦታ 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ከ22,000 ሊትር በላይ ስለሚሰጥ እጥረቱ የጣሪያ ሳይሆን የማጠራቀሚያ ነው። ውሃው ለልብስ አጠባ እንዳይውል የቤተሰቡ ስምምነት ካልታከለበት ግን ያው 6,000 ሊትር ከሁለት ወር አያልፍም። ለእጥበትና ለከብት የጉድጓዱን ውሃ መጠቀም፣ የዝናቡን ለጉሮሮ ብቻ ማስቀረት ያስፈልጋል።

ለመጠጥ የሚውል ውሃ ከጣሪያው ጀምሮ ጥንቃቄ ይሻል። ከረጅሙ በጋ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ዝናብ በጣሪያ ላይ የተከማቸውን አቧራ፣ ቅጠልና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚያወርድ ወደ ታንከር መግባት የለበትም። ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ አንድ ሊትር ያህል እንዲፈስ ማድረግ ይበቃል፤ ለ60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ይህ የሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ማለት ነው። ሥራውን በእጅ ከመጠበቅ ይልቅ ቀላል ዘዴ አለ። ከአሸንዳው ወደ ታንከሩ በሚሄደው ቱቦ ላይ፣ ከታንከሩ መግቢያ በፊት፣ ወደ ታች የሚወርድ ሰፊ ቱቦ ይቀጠልና ጫፉ በክዳን ይዘጋል። የመጀመሪያው ቆሻሻ ውሃ ይህን ቱቦ ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ንጹሕ ውሃ በላዩ አልፎ ወደ ታንከሩ ይገባል። በክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ከተበጀለት ቱቦው ቀስ ብሎ ራሱን ባዶ አድርጎ ለሚቀጥለው ዝናብ ይዘጋጃል። ቀዳዳው በደለል ስለሚደፈን በየጊዜው ክዳኑን ፈትቶ ማጠብ ግድ ነው። በሥራ ላይ ካሉት መካከል ብዙዎቹ አገልግሎት የሚያቆሙት በዚህች ትንሽ ጉድለት ምክንያት ነው።

አሸንዳው በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት፤ ካልሆነ ውሃው ይተኛል፣ ቅጠሉም ይበሰብስበታል። በጣሪያው ላይ የሚያጎነብሱ የዛፍ ቅርንጫፎች በግንቦት ይቆረጡ። የሣር ክዳን እና እርሳስ ባለበት ቀለም የተቀባ ጣሪያ ለመጠጥ ውሃ አይሆኑም። የውሃው መልክ ጥርት ቢልም ከጀርም ነጻ ነው ማለት ስላልሆነ፣ ከመጠጣቱ በፊት ማፍላት ወይም በውሃ ማከሚያ ክሎሪን ማከም ያስፈልጋል። የክሎሪኑን መጠን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መሠረት መጠቀም፣ ጥርጣሬ ሲኖርም የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ዝናብን ለበጋ ማስቀመጥ ለሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተመሠረተው የደብረ ዳሞ ገዳም በተራራው አናት ላይ ዐለት ተፈልፍሎ በተሠሩ ጉድጓዶች ዝናብ ያጠራቅማል። በኮንሶ ማኅበረሰቡ የጋራ ኩሬዎችን በጉልበቱ ቆፍሮ ይጠብቃል፤ በሶማሌ ክልል ደግሞ በሲሚንቶ የተለሰነው በርካ ሰውንም ከብትንም ከድርቅ ያሻግራል። በአንጻሩ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራ፣ በትግራይና በሌሎች ክልሎች በዘመቻ ከተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች ብዙዎቹ ዘላቂ አልሆኑም። ውሃው ሰረገ፣ የተነጠፈው ፕላስቲክ ተቀደደ፣ ክዳን የሌላቸው ተነኑ፤ ለሕፃናትና ለእንስሳትም አደጋ ሆኑ። ዛሬ ኩሬም ሆነ ታንክ የሚያሠራ ሰው ክዳኑን እንደ ተጨማሪ ወጪ ሳይሆን እንደ ግንባታው አካል ሊቆጥረው የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ክዳን የሚያስፈልግበት ሌላም አስቸኳይ ምክንያት አለ። አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ነው። ከነባሮቹ የወባ ትንኞች በተለየ በከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያዎች ትራባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝም እንዲሁ በቤት ውስጥና በግቢ በተጠራቀመ ውሃ ትፈለፈላለች። ስለሆነም የታንከሩ መግቢያ፣ የአየር መተንፈሻውና የትርፍ ውሃ መውጫው በጥቅጥቅ ወንፊት መሸፈን አለባቸው። በርሜል የሚጠቀሙ ቤተሰቦች በጨርቅ አጥብቀው ይሰሩት፤ በየሳምንቱም ጨርሰው አፍስሰው ውስጡን ይፈትጉት።

ለንግድ ድርጅቶች ጉዳዩ ከወጪ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። 1,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው መጋዘን ከአንድ የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 16,000 ሊትር ይሰበስባል፤ ይህ ከአንድ ትልቅ የውሃ ቦቴ ጭነት ጋር ይቀራረባል። የመኪና እጥበት፣ የአትክልት ልማት፣ የሆቴል መጸዳጃ ቤቶችና የግንባታ ሥራዎች የመጠጥ ደረጃ ያለው ውሃ ስለማይሹ ቀዳሚ ተጠቃሚዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የዝናብ ውሃ መስመር ግን ከቧንቧ መስመር ጋር በምንም መንገድ መገናኘት የለበትም። በፈረቃ ጊዜ የቧንቧው ግፊት ሲወርድ ያልታከመው ውሃ ወደ ሕዝብ መስመር ሊሳብና የአካባቢውን ነዋሪ ሊበክል ይችላል። ለዝናቡ የተለየ ቱቦና የተለየ ቀለም መጠቀም፣ በእያንዳንዱ ቧንቧ ላይም «ለመጠጥ አይሆንም» የሚል ጽሑፍ ማድረግ ተገቢ ነው።

በተለምዶ ሮቶ የሚባለው ባለ 5,000 ሊትር የፕላስቲክ ታንከር ሲሞላ ውሃው ብቻ አምስት ቶን ይመዝናል። በቀጭን እንጨት ወይም በደካማ ብረት ማማ ላይ ማስቀመጥ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ጠፍጣፋና የተጠቀጠቀ መሠረት ወይም በባለሙያ የተሰላ ማማ ያስፈልገዋል። ትርፍ ውሃው ወደ ጎረቤት ግድግዳ ሥር እንዳይፈስ መውጫው ወደ ቦይ ወይም ወደ አትክልት ቦታ ይመራ። ከመሬት በታች ቋሚ የኮንክሪት ታንክ ለመሥራት ያሰቡ ዜጎች ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በአካባቢያቸው የሚገኘውን የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ሊጠይቁ ይገባል፤ ስለ አካባቢው የዝናብ መጠንና ስለ ጉድጓዶች የፍሎራይድ ሁኔታ ደግሞ የወረዳውን የውሃ ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ። ጥያቄውን ከሰኔ በፊት ይዞ መቅረብ ሥራውን ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ለማጠናቀቅ ጊዜ ይሰጣል።