ሰጋቱራው ወደ በርሜል እንጂ ወደ ሳንባ አይግባ

በጅማና በአካባቢዋ ከተሞች የእንጨት ሥራ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሙያ ነው። ከአንድ ወጥ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለሦስት እግር በርጩማ የአካባቢው መታወቂያ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ግን አናጺው በመጥረቢያና በእጅ መላጊያ ብቻ አይሠራም። መብራት በደረሰበት ሁሉ ክብ መጋዝ፣ የኤሌክትሪክ መላጊያና ማለስለሻ ገብተዋል። በዚህም ሥራው ፈጥኗል፤ ምርቱም በዝቷል። ከምርቱ ጋር ግን ብናኙም አብሮ በዝቷል።

እንደሚታወቀው የአነስተኛው አናጺ የሥራ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከመኖሪያው ጋር ግድግዳ የሚጋራ የቆርቆሮ ክፍል ነው። አባት ሲያለሰልስ ልጅ ሰጋቱራውን ይጠርጋል፤ እናት ከበሩ አጠገብ ቡና ትቆላለች። የጠዋት ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሾልካ ስትገባ በብርሃኑ መስመር ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቃቅ ዱቄት በግልጽ ይታያል። ቤተሰቡ ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው።

ብናኙ የሚያደርሰው ጉዳት

መሬት ላይ የሚወድቀው ሻካራ ሰጋቱራ ለሳንባ ብዙም የሚያሰጋ አይደለም። የሚያሰጋው በዓይን የማይለየው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለአንድ ሺህ ሲከፈል አንዱ እጅ ማይክሮን ይባላል። ከ10 ማይክሮን ያነሰው ብናኝ መጋዙ ከቆመ በኋላም ለሰዓታት በአየር ላይ ሊቆይና በአፍንጫ አልፎ እስከ ሳንባ ሊዘልቅ ይችላል። ሳልን፣ አስምን፣ የዓይንና የቆዳ መቆጣትን ያስከትላል።

ጉዳቱ በዚህ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ሃይ ዊኮምብ በተባለው የወንበር ሠሪዎች ከተማና በአካባቢው፣ በሌላው ሕዝብ ዘንድ እጅግ ብርቅ የሆነ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር በእንጨት ሠራተኞች ላይ በብዛት መታየቱን ሐኪሞች አስተዋሉ። ጥናቱ በ1968 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መካከል መደበው። በሽታው የሚመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ በመሆኑ ወጣቱ አናጺ ጤነኛ ነኝ ብሎ ይዘናጋል።

በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ይሁን እንጂ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር በጓሯቸው ለሚሠሩበት ቤት ጥበቃው በራሳቸው እጅ ነው።

መሳቢያው እንዴት ይዘጋጃል?

ብናኝን ማስወገድ የሚቻለው ከተበተነ በኋላ ሳይሆን ከመበተኑ በፊት ነው። ይኸውም ብናኙ ከሚወጣበት ከመጋዙ ወይም ከመላጊያው አፍ ላይ በቱቦ መሳብ ማለት ነው። ለዚህ አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ መሳቢያ ሞተር፣ ቱቦ፣ ሰጋቱራውን የሚቀበል በርሜልና ማጣሪያ ወይም ወደ ውጭ የሚያወጣ መውጫ።

ለቤት ማቀዝቀዣ የሚያገለግለው ቬንትሌተር ለዚህ አይሆንም። አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ በረጅም ቱቦ ውስጥ የመሳብ ኃይል የለውም። የሚያስፈልገው በተዘጋ ክብ ቤት ውስጥ የሚሽከረከር መሳቢያ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ለሚሠራበት ክፍል ከ1.5 እስከ 2 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በአብዛኛው ይበቃል። ባለ 2 የፈረስ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ስለዚህ ከመጋዙ ጋር ተነሥቶ፣ መጋዙ ከቆመ ጥቂት ደቂቃ በኋላ እንዲጠፋ ማድረግ ወጪን ይቆጥባል።

ሰጋቱራ በቱቦ ውስጥ ሳይቀመጥ እንዲጓዝ አየሩ በሴኮንድ 20 ሜትር ያህል መፍጠን አለበት። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ይህ ማለት በሰዓት 560 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ አየር ነው። ቱቦው ያለ ልክ ቢሰፋ አየሩ ይዘገይና ሰጋቱራው መንገድ ላይ ይከማቻል፤ ቢጠብ ደግሞ ሞተሩ በቂ አየር ማሳለፍ ያቅተዋል። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ መሆን ይኖርበታል። መታጠፍ ግድ በሆነ ቦታ በአንድ ጊዜ ቀጥ ባለ ማዕዘን ከማጠፍ ይልቅ ሁለት ጊዜ በ45 ዲግሪ ማጠፍ ይሻላል። ብናኝ የሚበዛበት መኪና ከመሳቢያው አጠገብ ይቀመጥ፤ የማይሠራበት ቅርንጫፍ ቱቦም በተንሸራታች ላሜራ ይዘጋ።

በርሜሉ ከመሳቢያው በፊት ቢቀመጥ ጥቅሙ ብዙ ነው። ሰጋቱራ የያዘው አየር በክዳኑ ጠርዝ በኩል በጎን ገብቶ እንዲሽከረከር ሲደረግ፣ ከባዱ ወደ በርሜሉ ወለል ይወርዳል፤ አየሩ በክዳኑ መካከል ይወጣል። በርሜሉ የብረት ሆኖ ክዳኑ በጎማ የተጠበቀ ይሁን። ስስ ፕላስቲክ በመሳቡ ኃይል ወደ ውስጥ ይጨማደዳል፤ ክዳኑ አየር ካስገባ ደግሞ የወረደው ሰጋቱራ ተመልሶ ይነሣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጨረሻው ላይ ነው። በተራ ጨርቅ ከረጢት የሚያጣራ መሳቢያ ሻካራውን ይይዝና ደቃቁን መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋዋል። ወለሉ ንጹሕ ይመስላል፤ አየሩ ግን እንደ ቀድሞው ነው። ደቃቁን የሚይዝ ማጣሪያ ለመግዛት አቅም ያልፈቀደለት አናጺ አየሩን ወደ ውጭ ቢያወጣው ይመረጣል። ነገር ግን መውጫው ወደ ጎረቤት መስኮትና ወደ ውኃ ጉድጓድ እንዳይዞር መጠንቀቅ ያሻል። በወጣው አየር ምትክ ንጹሕ አየር የሚገባበት መስኮትም በተቃራኒው በኩል ክፍት ይሁን፤ አለዚያ መሳቢያው የማድቤቱን ጭስ ወደ ሥራ ክፍሉ ይጎትታል።

ቱቦው ከተገጠመ በኋላ በየመጋጠሚያው ቀጭን የፈትል ክር ማስጠጋት ነው። ክሩ ወደ መጋጠሚያው ከተሳበ ቀዳዳ አለ ማለት ስለሆነ መድፈን ያስፈልጋል።

ከእሳት መጠበቅ

ደረቅ ብናኝ እሳት ፈጥኖ ይይዛል፤ በአየር ላይ በብዛት ተበትኖ ብልጭታ ቢያገኝ እስከ መፈንዳት ይደርሳል። መጋዝ በእንጨቱ ውስጥ የቀረ ሚስማር ሲመታ የሚወጣው ብልጭታ በቱቦ ተስቦ በርሜሉ ውስጥ ለሰዓታት ሊጨስ ይችላል። ስለሆነም በርሜሉ ማታ ማታ ተገልብጦ ሰጋቱራው ከቤት ርቆ መቀመጥ፣ በክፍሉ ውስጥ ሲጋራና ከሰል መከልከል፣ በአጠገቡም አሸዋ የሞላ ባልዲ መኖር ይገባዋል። የብረት ቱቦ ከሆነ በሽቦ ከመሬት ጋር ማገናኘት በሰበቃ የሚፈጠረውን ኤሌክትሪክ ያስወግዳል።

መሳቢያ መኖሩ አፍንጫን ከመሸፈን ነጻ አያደርግም። በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱ ኤን 95 የተባለው ጭምብል ፊትን ገጥሞ ይደረግ። በአፍ ላይ የሚታሰር ሻሽ ደቃቁን አያግድም። ወለሉም በደረቁ ከመጠረግ ውኃ ይረጭበት።

በርሜሉ ውስጥ የሚጠራቀመውም ቢሆን ሀብት ነው። ቀለምም ኮላም ያልነካው ንጹሕ ሰጋቱራ ለዶሮ ቤት ጉዝጓዝ፣ ለእንጉዳይ ማብቀያና ለሰጋቱራ ምድጃ ይውላል። ከኤምዲኤፍ፣ ከቺፑድና ከኮምፔንሳቶ የወጣው ግን ሙጫ ስላለበት ለምድጃም ለዶሮም አይሰጥ።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ማሟላት ለማይችል አናጺ ሥራውን ደረጃ በደረጃ መጀመር ይቻላል። በመጀመሪያ ማለስለሻውን ወደ ውጭ አውጥቶ ነፋስ ከኋላው ወደ ፊት በሚነፍስበት ስፍራ መሥራትና ጭምብል መግዛት፤ ቀጥሎ በርሜሉንና ቱቦውን ማበጀት፤ በመጨረሻም ሞተሩን ማስገጠም። ውጤቱንም ያለ ምንም መሣሪያ መመርመር ይቻላል። በማግስቱ የጠዋት ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ስትገባ በብርሃኗ ውስጥ የሚንሳፈፈው ዱቄት ቀንሶ ከተገኘ፣ ሥራው በትክክል ተሠርቷል ማለት ነው።