ስፍርና ሚዛን

እህልና ዱቄት በሁለት መንገድ ይለካሉ፤ አንደኛው በስፍር፣ ሁለተኛው በሚዛን ነው። ስፍር አንድ ነገር የሚይዘውን ቦታ ሲያሳይ፣ ሚዛን ክብደቱን ያመለክታል።

በኢትዮጵያ ገጠር እህል በጣሳ፣ በእንቅብና በቁና ሲሰፈር ኖሯል፤ በልማድም 20 ቁና አንድ ዳውላ ይባላል። «በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ስፍር በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ ያለውን ስፍራ ያስረዳል። ይሁን እንጂ የአንዱ አካባቢ ቁና ከሌላው ይበልጣል ወይም ያንሳል።

ስፍርን ወደ ሚዛን መለወጥ በተለይ የሚያስፈልገው ሰው ከአገሩ ሲርቅ ነው። ለምሳሌ፣ በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፣ ሙቱንጎ በተባለው ኮረብታማ ሰፈር የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ለበዓል ድፎ ዳቦ ልትጋግር ተነሣች እንበል። እናቷ ያስተማረቻት «ሁለት ጣሳ ዱቄት» ብላ ነው፤ በካምፓላ ሱቅ ግን የስንዴ ዱቄት በኪሎ ታሽጎ ይሸጣል። ጣሳው አንድ ሊትር ስለሚይዝ አንድ ኪሎ ይመዝናል ብላ ሁለት ኪሎ ብታቦካ፣ ዱቄቱ ከሚፈለገው እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ውሃው፣ እርሾውና ጨው ያንሱታል፤ ዳቦውም ደረቅና ጠጣር ሆኖ ይወጣል።

አንድ ሊትር አንድ ኪሎ የሚሆነው ለውሃ ነው። በዱቄት ቅንጣቶች መካከል ብዙ አየር ስላለ ዱቄት ከውሃ ይቀላል፤ ደቃቅ ጨው ግን ይከብዳል። 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ ሲሰፈሩ የስንዴ ዱቄት 130፣ ሩዝ 200፣ ስኳር 210፣ ደቃቅ ጨው 300 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። አራት ብርጭቆ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ ሁለት ጣሳ ዱቄት ስምንት ብርጭቆ ነው። ስምንት በ130 ሲባዛ 1040 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ይሆናል። ክብደትን ወደ ስፍር ለመለወጥ ደግሞ ማካፈል ነው፤ አንድ ኪሎ ስኳር ለ210 ሲካፈል አምስት ብርጭቆ አይሞላም።

የጣሳው ይዘት ካልታወቀ በውሃ ይፈተናል። በመጀመሪያ ባዶው ጣሳ ይመዘናል፤ ቀጥሎ ውሃ ተሞልቶ እንደገና ይመዘናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በግራም ስንት እንደ ሆነ፣ የጣሳው ይዘትም በሚሊ ሊትር ያንኑ ያህል ነው። ከዚያም ጣሳው ደርቆ፣ የሚፈለገው ዱቄት ወይም እህል ተሞልቶና አፉ ተስተካክሎ ይመዘናል። ሆኖም የተነፋ ዱቄት ይቀላል፤ የተጠቀጠቀ ይከብዳል፤ የተከመረ ጣሳም ከተስተካከለው ይበልጣል። ስለዚህ አሰፋፈሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

የእናቶች ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቷል። ጣሳው ሲጠፋ ሙያው አብሮ እንዳይጠፋ፣ ከስፍሩ ጎን ክብደቱን ጽፎ ማኖር ይጠቅማል።

ጥያቄዎች

1. በስፍርና በሚዛን መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. አንድ ሊትር ዱቄት አንድ ኪሎ የማይመዝነው ለምንድን ነው?
3. ባዶው 100 ግራም የሚመዝን ጣሳ ሽሮ ሲሞላበት 600 ግራም ቢመዝን፣ ሦስት ጣሳ ሽሮ ስንት ግራም ይሆናል?