በሕፃናት የካዋሳኪ በሽታ ለልብ ጉዳት የሚያጋልጡ የዘር ውርስ ምክንያቶች

ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት ከጎብዬ እስከ ቆቦ ባለው የራያ ቆላ ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ ሕፃን አስቀድሞ ለወባ ይመረመራል፤ ይህም ተገቢ ነው። ሽፍታና የዓይን መቅላት ሲጨመርበት ደግሞ ኩፍኝ ይጠረጠራል። ይሁን እንጂ የወባ መድኃኒቱን ጨርሶ፣ አንቲባዮቲክም ወስዶ ትኩሳቱ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ያልለቀቀው ሕፃን ሲያጋጥም የካዋሳኪ በሽታም ሊታሰብ ይገባል።

ጃፓናዊው የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ቶሚሳኩ ካዋሳኪ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን የ50 ሕፃናትን ታሪክ ያሳተሙት በ1967 ነው። በሽታው መካከለኛ መጠን ያላቸውን ደም ቅዳዎች ያስቆጣል፤ ይበልጥ የሚያሰጋው ግን የልብን ጡንቻ በሚመግቡት የኮሮናሪ ደም ቅዳዎች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። የተጎዳው የደም ቅዳ ግድግዳ ይለጠጥና አኒዩሪዝም ይፈጠራል፤ በውስጡም ደም ሊረጋ ይችላል። ሕክምና ካላገኙ ሕፃናት መካከል ወደ 25 በመቶ የሚሆኑት ይህ ጉዳት ይደርስባቸዋል። ትኩሳቱ በጀመረ በ10 ቀን ውስጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን በደም ሥር ሲሰጥ ቁጥሩ ወደ 4 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

ከአራቱ አንዱ ብቻ ለምን ይጎዳል? የዘር ውርስ ድርሻ እንዳለው መጀመሪያ የጠቆመው የቤተሰብ ታሪክ ነው። በጃፓን የታማሚ ሕፃን ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕፃን 10 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች አይ.ቲ.ፒ.ኬ.ሲ. በተባለው ጂን ላይ ያለ አንድ ልዩነት በበሽታው ከመያዝም ሆነ ከኮሮናሪ ጉዳት ጋር እንደሚዛመድ አሳዩ። ይህ ጂን በነጭ የደም ሴሎች ውስጥ የካልሲየምን መልእክት የሚገታ ልጓም ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ያለባቸው ሕፃናት ልጓሙ ስለሚላላ ቲ ሴሎቻቸው ከመጠን በላይ ይነሣሣሉ፤ የደም ቅዳው ብግነትም ይጠናል። በ2011 ቲ.ጂ.ኤፍ. ቤታ ለተባለው የመልእክት መስመር የሚያገለግሉ ጂኖች፣ በ2016 ደግሞ ካልሲየምን በሴል ሽፋን በኩል የሚያሳልፈው ኤስ.ኤል.ሲ.8ኤ.1. ከአኒዩሪዝም ጋር መያያዛቸው ተገለጸ።

ይህ ሁሉ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ አይደለም። የካልሲየሙን መስመር ተከትለው ጃፓናውያን ሐኪሞች ይህንኑ መልእክት የሚገታውን ሳይክሎስፖሪንን ሞከሩ። በ2019 በታተመው ጥናት ኢሚዩኖግሎቡሊን ብቻውን አይበቃቸውም ተብለው ከተገመቱ ሕፃናት መካከል ሁለቱን መድኃኒቶች የወሰዱት 14 በመቶ፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን ብቻ የወሰዱት 31 በመቶ የኮሮናሪ ጉዳት ታየባቸው።

ሆኖም ከእነዚህ ግኝቶች አብዛኞቹ የተገኙት ከምሥራቅ እስያና ከአውሮፓ ዘር ሕፃናት ነው። በእኔ አመለካከት «የጃፓኖች በሽታ ነው» ብሎ ማለፍ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። በአሜሪካ ጥቁር ሕፃናት ከነጮቹ ይልቅ በብዛት ይያዛሉ። ደግሞም የጂን ምርመራ አንድን ሕፃን ማከም ወይም አለማከም የሚወስን ደረጃ ላይ አልደረሰም። በአልጋው አጠገብ ያለ የጤና ባለሙያ ሊያያቸው የሚችላቸው የሥጋት ምልክቶች ሌሎች ናቸው፤ ይኸውም ዕድሜው ከስድስት ወር በታች መሆኑ፣ ወንድ መሆኑ፣ ሕክምናው መዘግየቱና ከመጀመሪያው ኢሚዩኖግሎቡሊን በኋላ ትኩሳቱ አለመብረዱ ነው።

ምልክቶቹን ከኩፍኝ መለየት ጥንቃቄ ይጠይቃል። የካዋሳኪ ዓይን ይቀላል እንጂ አይመግልም፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ምላስ እንደ እንጆሪ ይቀላል፣ እጅና እግር ያብጣል፣ በሁለተኛው ሳምንት የጣት ጫፍ ቆዳ ይላጣል፣ የአንገት ዕጢም ሊያብጥ ይችላል። በኩፍኝ ግን ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ጎልተው ይታያሉ። በጠቆረ ቆዳ ላይ የሽፍታው መቅላት በቀላሉ ስለማይለይ ክንድን መመልከት ይጠቅማል፤ ሕፃኑ የቢ.ሲ.ጂ. ክትባት የወሰደ ከሆነ የጠባሳው ቦታ ቀልቶና ጠጥሮ መገኘቱ ለካዋሳኪ ጥሩ ጥቆማ ነው። ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት ግን ምልክቶቹን በሙሉ ላያሳዩ ይችላሉ፤ በእነዚህ ላይ ትኩሳቱ ብቻውን ሊያሳስበን ይገባል። ፈጣኑ የወባ ምርመራም ሊያሳስት ይችላል፤ ቀድሞ የታከመ ወባ ምርመራውን ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላልና ደሙን በማይክሮስኮፕ ማየት ይመረጣል።

ጥርጣሬው ከጸና ሪፈራሉን ማዘግየት አይገባም። በሪፈራሉ ወረቀት ላይ ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን በግልጽ ይጻፍ፤ በወልድያም ሆነ በደሴ የሚቀበለው ሐኪም የ10ሩን ቀን የሚቆጥረው ከዚያ ነው። የኢሚዩኖግሎቡሊን መጠን በኪሎ 2 ግራም ስለሆነ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 20 ግራም ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱ ውድ በመሆኑ መኖሩን በስልክ አስቀድሞ ማረጋገጥ ብዙ ሰዓት ያተርፋል። አስፒሪን ብቻውን አኒዩሪዝምን አይከላከልም። ሕፃኑ ታክሞ ሲመለስ የወላጆች ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ስለ ክትባት ይሆናል፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን የወሰደ ሕፃን የኩፍኝ ክትባቱ በመደበኛው አሠራር ለ11 ወር ይዘገያል። ወረርሽኝ ካለ ግን ክትባቱ ቀድሞ ተሰጥቶ ጊዜው ሲደርስ ሊደገም ይችላል። በቤት ያሉ ወንድምና እህቶቹ ትኩሳት ሲይዛቸው ቶሎ እንዲመጡ ለእናትየው መንገርም አይዘንጋ።