መተማመን (የመስክ ጥናት)

በመስክ ጥናት ውስጥ መተማመን ማለት አጥኚው ወይም ጋዜጠኛው ወደ አንድ ማኅበረሰብ ገብቶ ሲሠራ፣ ሰዎቹ የሚነግሩት ነገር ተመልሶ እነሱን እንደማይጎዳ የሚያምኑበት ግንኙነት ነው። ከተገለሉ ማኅበረሰቦች ጋር ይህ ይበልጥ ይከብዳል፤ ቀደም ሲል ደብተር ይዞ የመጣባቸው ሰው ብዙ ጊዜ ወዳጅ አልነበረምና።

አንዱ መንገድ በአካባቢው የሚከበር ሰው በኩል መግባት ነው። ዊሊያም ፉት ኋይት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በቦስተን የጣልያን ስደተኞች ሰፈር ሲያጠና «ዶክ» ብሎ የጠራው የሰፈሩ ወጣት መሪ ዋስ ሆነው። ዶክ ጥያቄ እንዳያበዛና ከሰዎቹ ጋር ዝም ብሎ እንዲውል መከረው። ኋይት ጣልያንኛ ተምሮ በአንድ ቤተሰብ ቤት ተከራየ። ጥናቱ በ1943 ታተመ።

ይበልጥ አከራካሪው የናፖሊዮን ሻግኖን ታሪክ ነው። ይህ አሜሪካዊ የሥነ ሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኔዙዌላ ደን ወደሚኖሩት ያኖማሚዎች ሄደ። የዘር ሐረግ ለመመዝገብ የእያንዳንዱን ሰው ስም ማወቅ ነበረበት። በያኖማሚ ባህል ግን የትልቅ ሰውን ስም በአደባባይ መጥራት ነውር ነው፤ የሟችን ስም ማንሳት ደግሞ ዘመዶቹን ክፉኛ ያስቆጣል። የመንደሩ ሰዎች እምቢ አላሉትም፤ የፈጠራ ስም ይነግሩት ጀመር፤ ብዙዎቹም ጸያፍ ነበሩ። አምስት ወር ያህል ከለፋ በኋላ ሌላ መንደር ሄዶ የአንድ አለቃ ሚስት ናት የተባለችውን ስም ሲጠራ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። መዝገቡን ጥሎ እንደ አዲስ ጀመረ። ቀጥሎ የተጠቀመበት ዘዴ ነው የሚያነጋግረው፤ እውነተኛዎቹን ስሞች ከተጣሉ ሰዎችና ከባላንጣ መንደሮች አገኘ። መረጃው ተስተካከለ፣ መተማመን ግን አልተገነባም። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይተረካል፤ ሆኖም ስም መደበቁ ራሱ ግልጽ መልስ ነበር።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ሻግኖን የተሳተፈበትና በጄምስ ኒል የተመራ የዘረመል ጥናት ቡድን ለያኖማሚዎች ዕቃ እየሰጠ ደም ሰበሰበ። ደሙ በአሜሪካ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ መቀመጡን ሰዎቹ ያወቁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በልማዳቸው ሰው ሲሞት ከአካሉ የሚቀር ነገር መኖር የለበትም።

በጋዜጠኝነት ጊዜው ያጥራል፤ አንዳንዴ አንድ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ስም ይጠቀስ ወይስ ይቀየር፣ ፎቶው የት ይወጣል የሚለውን ከቃለ መጠይቁ በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። አንዴ ፈቃድ ማግኘት ግን አይበቃም፤ ሰው ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል።

የያኖማሚ መሪ ዳቪ ኮፔናዋ ደሙ እንዲመለስ ለዓመታት ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ2,600 በላይ ብልቃጦች ወደ ብራዚል ተመልሰው ያኖማሚዎች ደሙን በራሳቸው ሥርዓት ቀበሩት።